ኢርፎን የስስታም ነው

ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ይባላል። ለብቻው የሰማስ? ስለ እሱ የተባለ ነገር የለም። ደግነቱ ይህን ክፍተት የሚሞሉ ወገኖች አሉን። ታክሲ ውስጥ ገብተው፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ፣ ስልካቸውን ከኪስ መዥረጥ አድርገው ድምፁን እስከ ጥግ የሚለቁልን። እነሱ ባይኖሩ ከመገናኛ ፒያሳ ያለውን መንገድ በምን እንገፋው ነበር? በዝምታ? ዝም ያለ ሰው ደግሞ ያስባል። ካሰበ የቤት ኪራዩን ያስባል፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ያስባል፣ የዘይት ዋጋ ያስባል። በጠዋት እዚያ ውስጥ ከመግባት የሰው ቲክቶክ መስማት አይሻልም?

ስለዚህ ዛሬ ለምስጋና ነው የመጣሁት። ሌላው ሲያማችሁ ይዋል፣ እኔ ውለታችሁን አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ስስታሞቹን እናንሳቸው። ጆሮው ላይ ነጭ ነገር ሰክቶ፣ መስኮት መስኮቱን እያየ ለብቻው ፈገግ የሚለውን ሰው ታውቁታላችሁ። ምን አሳቀህ ብትሉት አይነግራችሁም። ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆናችሁ ተጣብቃችሁ፣ ጉልበቱ ጉልበታችሁን እየነካ፣ የሚሰማውን ግን አታውቁም። ይኼ ምን የሚሉት ጉርብትና ነው? ጃፓኖች እንኳን ይሉኝታ ይዟቸው ነበር። ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን በ1979 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ የማዳመጫ መሰኪያው ሁለት ነበር፤ ሰው ለብቻው ጆሮውን ደፍኖ ቢቀመጥ ነውር ይሆናል ተብሎ ተሰግቶ። ላዩ ላይ ደግሞ አንዲት ብርቱካንማ ቁልፍ ነበረችው። እሷን ስትጫኗት ሙዚቃው ዝቅ ይልና አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚላችሁን በማይክሮፎን ትሰማላችሁ። ይህን ሁሉ የተጨነቁት ሰው እንዳይቀየም ነው። የእኛ ሰው ግን ነገሩን በአንድ ውሳኔ ገላገላቸው። ማዳመጫውን ቤት ትቶት መጣ።

የቲክቶኩን ነገር ዝም ብዬ ባልፈው ግፍ ይሆንብኛል። አጠገባችሁ ያለው ሰው ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ ይይዘዋል። ምስሉ የግሉ ነው፣ ድምፁ የሕዝብ ነው። አንዲት ሴትዮ «ባሌን ተከትዬው ሄጄ በሩን ስከፍት ማንን ባገኝ ጥሩ ነው…» ትላለች። ታክሲው ጸጥ ይላል። ረዳቱ እንኳን ሂሳብ መሰብሰቡን ያቆማል። ማንን አገኘች? ልክ እዚህች ላይ አውራ ጣቱ ገፋ ያደርጋታል። ቀጥሎ የሚመጣው የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ነው። ሴትየዋ ማንን እንዳገኘች እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጣቱ ቀጥ ይላል፣ ኮሜንት ማንበብ ይጀምራል። እሱ ኮሜንቱን ሲያነብ ቪዲዮው ባለቀ ቁጥር ራሱን ይደግማል። አንድ ሰው ይወድቃል፣ ሌላው ከት ብሎ ይስቃል፣ ይወድቃል፣ ይስቃል፣ ይወድቃል፣ ይስቃል፣ ከሃያ ሁለት እስከ መገናኛ። መንገዱ ሲዘጋጋ ያ ሰውዬ ስንት ጊዜ እንደወደቀ እግዜር ነው የሚያውቀው። እኛን ወገባችንን አመመን።

የኳስ ወዳጆችንም አልረሳም። ሁለት ሰዎች አንድ ጨዋታ በሁለት ስልክ ይከፍታሉ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። የኋለኛው ኔትወርክ ትንሽ ፈጠን ይላል። ከኋላ «ጎል!» ሲባል የፊተኛው ስልክ ላይ ኳሱ ገና የማዕዘን ምት ሊመታ ተቀምጧል። ከዚያ ሁላችንም የሚሆነውን አውቀን፣ የፊተኛው ሰውዬ ጎሉ እስኪገባለት በትዕግሥት እንጠብቃለን። በመሃል ደግሞ ሌላው መዝሙር ይከፍታል፣ ሌላው መንዙማ ይከፍታል፣ ሾፌሩም የራሱ ሬዲዮ አለው። በዚህ ከተማ ተቻችሎ መኖር የለም የሚል ሰው ይምጣና ይስማ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የስፒከር ስልክ ነው። ስልክን ጆሮ ላይ መለጠፍ የድሮ ሰው ሥራ ሆኗል። የዛሬ ሰው ከአፉ ፊት አግድም ይዞ ነው የሚያወራው። ሁለቱንም ወገን እንሰማለን። ፍትሕ ማለት ይኼ ነው! በድሮው አደዋወል የአንዱን ወገን ብቻ ሰምተን ሌላውን በግምት ነበር የምንሞላው፣ ሐሜታችንም የተዛባ ይሆን ነበር። አሁን ማስረጃው ሙሉ ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ታክሲ ሙሉ ሕዝብ እየሰማው መሆኑን አለማወቁ ደግሞ ለነገሩ ጨው ይጨምርለታል። «ያንን ሌባ ወንድምህን አገኘኸው ወይ?» ይላል። ወንድምየው አጠገቡ ተቀምጦ ቢሆንስ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እውነት የሚወጣውም እዚሁ ነው። አንዱ ጎረምሳ «ቦሌ ደርሻለሁ እኮ፣ በቃ ሁለት ደቂቃ» ይላል። ልክ በዚያች ሰዓት ረዳቱ በሩን ከፍቶ በሙሉ ጉሮሮው «ጉርድ ሾላ ወራጅ አለ?» ይላል። ስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ዝም ትላለች። እኛም ዝም እንላለን። ረዳቱን ማን ይክሰሰው?

ምሥጢር ቁጥሩን የሚነግረንስ? ቴሌብሩን መጠቀም ለማይችል አጎቱ ከታክሲ ውስጥ ሆኖ በስፒከር ያስተምራል። «አጎቴ፣ ቁጥሩን ልበልዎት፣ ያዙ…» ብሎ አንድ በአንድ ይቆጥራል። አጎትየውም ባልሰማ እንዳይሆን ጮክ ብለው ይደግሙታል። ሌብነት እንደዚህ በተንሰራፋበት ዘመን ሰውን እንዲህ የሚያምን ልብ ከየት ይገኛል?

አንድ ቀን ደግሞ ከአያት በተሳፈርኩበት ታክሲ አንዲት ወጣት ከእህቷ ጋር ታወራለች፣ በስፒከር። ሰርጓ ደርሷል። አዳራሹ ተከፍሎበታል፣ ካርዱ ታትሟል። ሙሽራው ግን፣ እህትየው እንዳስረዳችን፣ ከድሮ ፍቅረኛው ጋር በቴሌግራም ይጻጻፋል። ታክሲው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ተዪው ልጄ፣ ሳይረፍድ ነው» አሉ። ኋላ ያለው ልጅ «መጻጻፍ ብቻ ምን ችግር አለው?» ሲል ሴቱ ሁሉ ዞሮ አየው። ረዳቱ ሽማግሌ ይግባበት የሚል ሐሳብ አቀረበ። ልጅቷ ማናችንንም አልሰማችንም። «ወንድሜ፣ ሲኤምሲ ወራጅ አለ» ብላ ወረደች። ስልኩ እንደተከፈተ ነው። በሩ ሲዘጋ እህትየው «ቆይ ዋናውን ነገር ገና አልነገርኩሽም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባንክ ወረፋና ክሊኒክ ላይ ያለውን አገልግሎት በአጭሩ ልለፈው። ባንክ ውስጥ ቁጥራችሁ ሲጠራ የጎረቤታችሁ ተከታታይ ድራማ ይሸፍነዋል፣ ወረፋ ያልፋችኋል፣ ድራማውን ግን ትጨርሳላችሁ። ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ ለደም ምርመራ ብሎ ከማታ ጀምሮ ምግብ ያልቀመሰ ሰው አጠገብ የዶሮ ወጥ አሠራር ቪዲዮ ይከፈትለታል። «ቁሌቱ ጥሩ አድርጎ መብሰሉን ስናረጋግጥ ቅቤያችንን ጠብ እናደርጋለን…» ትላለች ባለሙያዋ። በሽተኛው ዓይኑን ይጨፍናል። በቃ።

አንዳንዱ ደግሞ ኢርፎን ሰክቶም ከደግነቱ አይጎድልም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቀውና ለሁላችንም ይተርፋል። እዚህ ላይ ግን ትንሽ ቅሬታ አለኝ። ቤዙ እሱ ጆሮ ውስጥ ይቀራል፣ ዜማውም እዚያው ይቀራል፣ ለእኛ የሚደርሰን «ጭ ጭ ጭ ጭ» ብቻ ነው። ሥጋውን ለብቻው በልቶ አጥንቱን ለጎረቤት መወርወር ማለት ነው እንግዲህ። ወይ ሙሉውን ይስጠን! እንዲህ ያለው ሰው ስልክ ሲደወልለት ደግሞ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮሃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው የሚታይበት ቦታ እዚህ ነው፤ ታክሲው በሙሉ እሱን ያማል፣ እሱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሄዳል። ሂሳቡን እንኳን የሚከፍለው ተጎንትሎ ነው።

ማዳመጫ የሌለው በድህነት ነው እንዳትሉኝ። መብራት ላይ ስንቆም ኢርፎን የሚሸጠው ልጅ በመስኮት ሰብሰብ አድርጎ የያዘውን አስገብቶ አፍንጫው ሥር ያወዛውዝለታል። «ኢርፎን! ኦርጅናል ኢርፎን!» ወገናችን ኢርፎኑን ያያል፣ ልጁን ያያል፣ ከዚያ የልጁ ጩኸት ቪዲዮውን ስለረበሸው ድምፁን ይጨምራል። ስልኩን ድሮውንም በሦስት መቶ አርባ ምናምን ሺህ ብር ነው የገዛው አሉ።

ስለ ጤናም ቢሆን ሞኝ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 40 ሰዓት ያህል መስማት የሚቻለው በድምፅ መለኪያው 80 ዴሲቤልን ነው፣ 90 ከሆነ ግን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል ብሎ ይመክራል። ምክሩ በተለይ ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው ለሚያዳምጡ ወጣቶች ነው። እና ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? የራሱን ጆሮ ያተርፋል፣ ድምፁን ለአሥራ ምናምን ጆሮ ያከፋፍለዋል። ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ትንሽ ትንሽ ነው።

ሕግ የሚጠቅስ ተሳፋሪም አልፎ አልፎ ያጋጥማል። አለን እኮ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚባል አለን፤ ድምፅንም ይመለከታል። በወጣው ደረጃ መሠረት መኖሪያ አካባቢ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። ታክሲ መኖሪያ አካባቢ አይደለም የሚል ካለ ሰኞ ጠዋት ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ ይሳፈር። ፈረንጆቹማ ጭካኔ ነው የያዙት። ፈረንሳይ፣ ናንት ከተማ፣ ባቡር ጣቢያ ውስጥ በስፒከር ያወራ አንድ ሰው በ2025 እ.ኤ.አ. 150 ዩሮ ተቀጣ፤ እዚያው አልከፍልም ሲል 200 አደረጉት። ለእህቱ ስለደወለ! ዋሽንግተን ያሉት ዘመዶቻችንም ሜትሮ ባቡር ውስጥ ያለ ማዳመጫ ሙዚቃ መክፈት ክልክል ስለሆነባቸው ሳይወዱ በግድ ስስታም ሆነዋል። ቦሌ ሲያርፉ ግን ይመለስላቸዋል፤ ሻንጣ እስኪመጣ እንኳን አይታገሡም።

ለዚህ ሁሉ አገልግሎት ታዲያ ምስጋናው ለባለ ስልኮቹ ብቻ አይደለም። ለእኛም ይገባናል። እኛ ተሳፋሪዎች የምንወስደው እርምጃ ይታወቃል። መጀመሪያ እንስላለን። ቀጥሎ ወደ ሰውየው ሳይሆን ወደ ስልኩ እናያለን። ከዚያ አጠገባችን ካለው ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ተያይተን «ጉድ እኮ ነው» በሚል ዓይነት ከንፈር እንመጣለን። ሲብስ ትንፋሽ እናወጣለን፣ ረዘም ያለ። እዚህ ላይ አቅማችን ያበቃል። ይሉኝታ ነዋ! እሱ ይሉኝታ የለውም፣ የእሱንም ድርሻ እኛ ነን የምንይዝለት።

እርግጥ አንዳንድ ደፋር አይጠፋም። እማማ የሆኑ እንደሆነ «የኔ ልጅ፣ እባክህ ትንሽ ቀነስ አድርጋት፣ ራሴን አሞኛል» ይላሉ፣ እሱም ለእማማ ክብር ሲል ከመቶ ወደ ዘጠና አምስት ያወርዳል። ጎልማሳ ሰው ከተናገረ ግን መልሱ የታወቀ ነው። «ወንድም፣ ካልተመቸህ ኮንትራት ያዝ!» ገርሞኝ የማያልቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሁላችንም፣ ያ ስንስል፣ ከንፈር ስንመጥ፣ ትንፋሽ ስናወጣ የነበርነው ሁሉ፣ ጎልማሳውን ነው የምናየው። «አንተ ደግሞ፣ ጨቅጫቃ ነህ» በሚል ዓይን። አንዱ እንዲያውም «ወጣት ነው፣ ይዝናና ተወው» ይላል። ጎልማሳው አንገቱን ደፍቶ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ይወርዳል።

እንግዲህ አገልግሎቱ እንደሚቀጥል ካወቅን ዘንድ ጥቂት ማሻሻያ እንጠይቅ። ታሪክ የያዘ ቪዲዮ ሳያልቅ አይገፋ፤ ከተገፋም መጨረሻውን በቃል ይነገረን። ኮሜንት ሲነበብ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ እሱንም ቢሆን እየሰማን እንሳቅ። ኳስ የሚያዩት ተነጋግረው በአንድ ስልክ ይሁኑ። የምግብ አሠራር በጾም ሰዓት ላይ አይሁን፣ ካልሆነም የጾም ይሁን። በስፒከር የሚያወሩ ደግሞ ነገሩ ሳይቋጭ አይውረዱ፤ ከወረዱም ስልኩን ለረዳቱ ትተው ይሂዱ።

እና አንቺ የሲኤምሲዋ እህታችን፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ዋናው ነገር ምን ነበር? ሰርጉስ አለ ወይስ ቀረ? እናትየው እስከ መገናኛ ድረስ ስላንቺ እያወሩ ነበር፣ አዳራሹ ቅድሚያ ክፍያውን ይመልሳል አይመልስም በሚለው ላይም ከረዳቱ ጋር ሳይግባቡ ነው የተለያዩት።