46 ኪሎ ጓዝ፣ አንድ ጥቁር ጃኬት

ስቶክሆልም አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ ከፊቴ አንዲት ሸምገል ያሉ ስዊድናዊት ቆመዋል። እንደኔው ወደ ሮም ነው የሚሄዱት፤ ከዚያ ወደ ግሪክ ያልፋሉ። ጀርባቸው ላይ ያለችው ቦርሳ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የምትይዘውን ታክላለች። ሌላ ነገር የላቸውም። በብዙ የአውሮፓ ርካሽ አየር መንገዶች ያለ ክፍያ የምትገባው 40 በ30 በ20 ሴንቲሜትር የሆነች ቦርሳ ነች። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን የብረት መለኪያው ውስጥ ጣል አደረጓት፤ ገባች። አነሷትና አለፉ።

ቀጥሎ እኔ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከሮም ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስለምበር እዚያ ላይ ተፈቅዶልኛል። የስቶክሆልሙ ርካሽ አየር መንገድ ግን ይህን ከየት ይወቅልኝ? ለሻንጣዎቹ የከፈልኩት ከራሴ ትኬት በለጠ። እኔ በርካሽ፣ ጓዙ በውድ በረርን።

እሺ፣ ልብሴ ቢሆን እኮ አይቆጨኝም ነበር። ከዚያ ሁሉ ኪሎ ውስጥ የኔ አንድ ጥግ ብቻ ነው። የቀረው የሰው አደራ ነው።

ታውቁታላችሁ። ከምኖርበት ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ልነሳ ስል፣ ሻንጣው ተመዝኖ ዚፑ ከተዘጋ በኋላ፣ ማታ በሩ ይንኳኳል። «ይቺ ቀላል ናት፤ አንድ ኪሎም አትሞላ» ይባላል። ቀላሏ ዕቃ በፕላስተር ዙሪያዋን ተጠቅልላለች። ቫይታሚን፣ ሎሽን፣ 43 ቁጥር ጫማ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ። እምቢ ብትል ይሉኝታ አለ። እሺ ስትል የራስህ ሹራብ ከሻንጣው ይወጣል። የኔም ወጣ። ወፍራሙን ሹራቤን አልጋዬ ላይ ትቼ ለሰው ጫማ ቦታ ለቀቅሁ።

በነጋታው እዚያው ቨርጂኒያ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጥያቄው ይመጣል። «ሻንጣሽን ራስሽ ነሽ የሸከፍሽው? አድርሺልኝ ብሎ ዕቃ የሰጠሽ ሰው አለ?» እስቲ ከሀበሻ ይህን ጥያቄ በእውነት የመለሰ እጁን ያውጣ። ግማሹ የሲልቨር ስፕሪንግ ሀበሻ ነው የሰጠኝ ልበል?

አውሮፕላኑ ውስጥ ከስዊድናዊቷ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። አላስቻለኝም፤ ጠየቅኋቸው። የሦስት አገር ልብስ በዚህች ቦርሳ እንዴት ይሆናል? ሳቁ። ከሥር ስስ የሱፍ ካናቴራ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ዝናብና ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት። በመስከረም ስቶክሆልም ቀን 15 ዲግሪ ግድም ነው፤ ሁሉንም ይደርቡታል። ሮም 26፣ 27 ትደርሳለች፤ እያወለቁ ወገባቸው ላይ ያስራሉ። ሱፍ ቶሎ አይሸትም። ማታ ሆቴሉ መታጠቢያ ውስጥ ለቅለቅ አድርገው ይሰቅሉታል። ከባዱን ጫማ አድርገው ይበራሉ፤ ቦርሳ ውስጥ ያለው ቀላሉ ብቻ ነው። «እኛ ጋ መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ ይባላል» አሉኝ።

እናንተ ጋ መጥፎ አክስትስ አለ ወይ ብዬ ልጠይቃቸው ነበር።

ምክንያቱም አየሩማ እኔንም አላስቸገረኝም። የአዲስ አበባም መስከረም ቢሆን የታወቀ ነው። ንጋት ላይ 10 ዲግሪ ግድም፣ ቀን ከ20 ትንሽ ከፍ፣ ዝናቡም ገና ጠቅልሎ አልሄደም። የሴትዮዋ ሦስት ድርብ ለመስቀል አደባባይም ይበቃል። ችግሬ ሰው ነው። እሳቸው የሚለብሱት ለአየሩ ነው። እኔ የምለብሰው ለአየሩም፣ ለአጎቴ ልጅም፣ ለቴሌግራምም ነው።

ስቶክሆልም የሄድኩት የአጎቴ ልጅ ሴት ልጇን በ80 ቀኗ ክርስትና ስታስነሳ ነው። ለክርስትና የሀበሻ ቀሚስ ግድ ነው፤ ያዝኩ። ለመስቀል ደግሞ ሌላ ቀሚስ። ለምን ሁለት? የመጀመሪያውን አዲስ አበባ ያሉት ገና ቅዳሴው ሳያልቅ በቴሌግራም አይተውታላ! አንዷ የክርስትናውን ፎቶ አጉልታ ጥልፉን ሳይቀር መርምራ «ይሄ የአምናው አይደለም?» ብላ ጽፋለች። ስዊድናዊቷ አንድ ሹራብ ከስቶክሆልም እስከ አቴንስ ቢለብሱ የሚጠይቃቸው የለም። ደግሞም ጥልፍ ያለው ቀሚስ እንደ ካናቴራ ተጠቅልሎ ጥግ አይወተፍም። እኔ በትራስ ልብስ ውስጥ ጠቅልዬ በእጄ ነው የያዝኩት። አውሮፕላን ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ሮም ገባ።

ሮም! የመንገዱ ድንጋይ ንጣፍ አገር ቤት ኮብልስቶን የምንለው ነው። ለእግር ያምራል። ሻንጣ ስትጎትቱበት ግን ጎማ አይምርም። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጥቼ ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ ሳልጨርስ የአንዱ ሻንጣ ጎማ ተነቅሎ ተንከባለለ። አደባባዩ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። እዚያ ቆሜ 23 ኪሎ የሰው ዕቃ ታቅፌ ሳልብ፣ በቀላቸውን በኔ የተወጡ መሰለኝ። እነሱ ራሳቸው እኮ እ.ኤ.አ. በ2005 የአክሱምን ሐውልት ሲመልሱ 160 ቶን የሚሆነውን ድንጋይ በሦስት ከፍለው በአንቶኖቭ እያመላለሱ ነው። በአንዴ ተሸከሙት ያላቸው የለም።

ከዚያ ሁሉ ጓዝ አንድ የማመሰግነው ነገር ቢኖር ነጠላዬ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም። ውጭ ላይ ቱሪስቱ ሁሉ ከአዟሪ ሻርፕ ሲገዛ፣ እኔ ነጠላዬን ከቦርሳዬ ስቤ አጣፋሁና ገባሁ። ሲበርደኝ አንገቴ ላይ፣ አውሮፕላን ውስጥ ብርድ ልብስ፣ አዲስ አበባ ስደርስ ደግሞ ነጠላ። ስዊድናዊቷ ይህን ቢያዩ ሹራባቸውን ይጥሉት ነበር።

አዲስ አበባ ሻንጣው ተከፍቶ ሳሎን ላይ እስኪራገፍ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ባለ አደራዎቹ አንድ በአንድ መጡ። የጫማው ባለቤት ሞከረው፤ ጠበበው። የተቆጣው በኔ ነው፤ «አንድ ቁጥር ጨምረሽ ብታመጪው ምን ነበረበት?» ይለኛል። ወንድሜ፣ እኔ ጫማ ሻጭ ነኝ? የሮም ድንጋይ ላይ ያንተን ጫማ ጎትቼ ክንዴ ተገንጥሏል።

አክስቴ ደግሞ ስልኳን ከፍታ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ። ስቶክሆልም፣ ጥቁር ጃኬት። ሮም፣ ጥቁር ጃኬት። ቦሌ ስወርድ፣ ጥቁር ጃኬት። «ምነው ልጄ፣ አሜሪካ ልብስ ጠፋ እንዴ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ሁለተኛውን ጃኬት ያስቀረው ያንቺ ጎረቤት ላፕቶፕ ነው አልላት ነገር!

የደመራ ለት እንደተፈራው ካፊያ ጣለ፤ ማታውም በረደ። ወፍራሙ ሹራቤ ቨርጂኒያ አልጋ ላይ ነው። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ይቺው አክስቴ ከላይዋ ላይ ጋቢዋን አውልቃ ደረበችብኝ፤ እየተቆጣችም ቢሆን። ጋቢውን ደግሞ እንደ ሱፍ ካናቴራ በየት አገር ሻንጣ ትከቱታላችሁ? እሱ ብቻውን ቦርሳ ይሞላል።

ለሚቀጥለው መስከረም ከወዲሁ ተናግሬያለሁ። ለአደራ የምሰጠው ሦስት ኪሎ ነው። ጫማ አልቀበልም። ከማታ ሁለት ሰዓት በኋላ በር አልከፍትም። ከዚያ የበለጠ ዕቃ ያለው ካርጎ ይላክ። አክስቴ ይህን ሰምታ «ልክ ነሽ፣ ሰው ያስቸግራል» ካለች በኋላ ለራሷ ካፖርት አዝዛኛለች። ቡኒ፣ ገበር ያለው፣ ረጅም፤ ብርድ የሚያስጥል እንዲሆን በተለይ ከባዱን።