ጠብ የወንድ ነው ያለው ማን ነው?

ጅማ ውስጥ ቡና ላይ ጨዋታ ሲደራ አንድ ነገር ሳይነሳ አይቀርም፤ «ወንድ እኮ በተፈጥሮው ተደባዳቢ ነው።» ተፈጥሮ ከተጠራ በኋላ ማን ይከራከራል? ማስረጃ ሲጠፋ ደግሞ ስልክ ይወጣል። ሁለት ወንድ ዓሦች የመስታወት ገንዳ ውስጥ ሲናከሱ የሚያሳይ ቪዲዮ። «አያችሁ? ሴቶቹ መቼ እንዲህ ያደርጋሉ!»

እሺ፣ ወደ ዓሣ እንሂድ። ከሄድን አይቀር ግን በደንብ እንሂድ።

ከቅርባችን፣ ከግልገል ጊቤ ግድብ ከሚወጣው ቆሮሶ እንጀምር። ብዙዎቻችን የምናውቀው ተጠብሶ ሲቀርብ ነው። በመራቢያው ጊዜ ወንዱ ውኃው ሳሳ ያለበት ቦታ ይመርጥና አፈሩን በአፉ እያፈሰ ይቆፍራል። ሌላ ወንድ ከተጠጋ ክንፉን ይዘረጋል፣ ይገፋል፣ አፍ ለአፍ ይያያዛሉ። የተሸነፈው ዓይኑ ይጠቁራል፤ እጅ ሰጠሁ እንደማለት ነው። ሴቷስ? እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ይዛ፣ ሳትበላ ትሰነብታለች። ጫጩቶቹ ወጥተው መዋኘት ሲጀምሩ ግን ጠጋ ያለውን ሁሉ ታሯሩጠዋለች። አደጋው ካየለ አፏን ትከፍታለች፣ ልጆቹ ግር ብለው ይገባሉ። የወንዱን «ጠብ» ብለን የሷን «እናትነት» ያልነው እኛ ነን።

ታንጋኒካ ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ሁለት የሚዛመዱ ዝርያዎች አሉ። ጁሊዶክሮሚስ ትራንስክሪፕተስ በሚባለው እንደለመድነው ነው፤ ወንዱ ይገዝፋል፣ ክልሉን ያስከብራል። ጁሊዶክሮሚስ ማርሊየሪ በሚባለው ነገሩ ተገልብጧል። ገዘፍ ያለችውም፣ የምታባርረውም ሴቷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ አንድ ጥናት የሁለቱ ዝርያዎች አንጎል ውስጥ የትኞቹ ጂኖች እንደሚሠሩ ተነጻጸረ። ከፆታው ይልቅ ከሚናው ጋር አብሮ የሚሄደው ልዩነት በለጠ። የማርሊየሪዋ ሴት በከፊል የዘመዷን ዝርያ ወንድ ትመስላለች ማለት ነው።

«ሆርሞኑ ነው» የሚልም አለ። ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ባለ ሰማያዊ ራስ የሚባል ዓሣ አለ። አውራው ወንድ ከጠፋ ትልቋ ሴት ቦታውን ትይዛለች፤ በሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች፣ እንደ አውራ መንቀሳቀስ ትጀምራለች። ቀስ በቀስም ወንድ ትሆናለች። ተመራማሪዎች የእነዚህን ሴቶች የእንቁላል እጢ፣ የፆታ ሆርሞን የሚያመነጨውን ማለት ነው፣ አውጥተው ሞከሯቸው። ያም ሆኖ አውራነቱን አልተዉትም።

አንጎሉ ሥራ ላይ ሆኖ እንዴት ይታያል ካላችሁ፣ ሲ-ፎስ የሚባል ጂን አለ። የነርቭ ሕዋስ ሲቀሰቀስ ይነሳና ምልክት ትቶ ይሄዳል። ተመራማሪዎች ዓሦቹን እርስ በርስ ያጋጥሟቸዋል፣ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ፣ ከዚያ አንጎሉን በስሱ ቆርጠው የቱ ጋ እንደተቀሰቀሰ ያያሉ። እዚህ ላይ እኔን የሚገርመኝ ሐሳብ አለ። ጌርት ደ ፍሪስ የተባሉ የአንጎል ተመራማሪ እንደሚሉት፣ በወንድና በሴት አንጎል መካከል ያለ ልዩነት አንዳንዴ ሥራው ጠባይን ማለያየት ሳይሆን ማመሳሰል ነው። ሰውነታቸው የተለያየ ሁለት ፍጥረታት አንድ ዓይነት ነገር ለማድረግ በተለያየ መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ «አንጎላቸው ይለያያል» ብሎ «ጠባያቸውም ይለያያል» ማለት አያስኬድም። «እኩል ይጣላሉ፣ እንግዲያው አንጎላቸው አንድ ነው» ማለትም እንደዚያው።

ታዲያ የሴቷ ጠብ ለምን ሳይወራለት ቆየ? ስላልታየ ነዋ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ግምገማ እንዳሳየው፣ በነርቭ ሳይንስ ወንድ እንስሳት ላይ ብቻ የተሠሩት ጥናቶች ሴት ላይ ብቻ ከተሠሩት በ5.5 እጥፍ ይበልጡ ነበር። ሴቶቹ የተተዉት የሆርሞናቸው መዋዠቅ ውጤቱን ያበላሻል በሚል ፍራቻ ነው። ፈተና ላይ ያልተቀመጠን ተማሪ ወደቀ እንደማለት ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ዓሣን ለሴቶች ጠበቃ የሚያቆም አይጠፋም። እሱም አይመቸኝም። ዓሣ የሰው ምስክር አይደለም። ግን «ተፈጥሮ ነው» የሚለው ወሬ ሚስቱን ለሚደበድብ ሰው መሸሸጊያ ሲሆን ዝም ማለት አልችልም። ተፈጥሮን ከጠራህ ሙሉውን ጥራ።

ቆሮሶ የሚያረቡትን ጠይቁ። ወንዱ ቶሎ ስለሚያድግ ጫጩቶቹን ሆርሞን የተደባለቀበት መኖ እያበሉ ሁሉንም ወንድ ማድረግ በብዙ አገር የተለመደ ነው። በቡናው ላይ ክርክር ከሄድን ያ ኩሬ የጦር ሜዳ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ዓሦቹ በዛ ብለው ሲገቡ አንዱም የራሱ የሚለውን ቦታ ይዞ መቆየት ስለማይችል የክልል ጠቡ ይቀንሳል። ሳሳ ብለው ሲገቡ ደግሞ እነዚያው ወንዶች ቦታ ይከፋፈሉና እርስ በርስ መባረር ይጀምራሉ።