በቃል መውጣት መረዳት አይደለም

እህቴ፣ «ልጅ ግጥሙን ሳይደናቀፍ በቃሉ ከወጣው ገብቶታል» ላልሽው አንድ እርማት አለኝ። ብዙ ወላጅ እንዲህ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም። ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. አንብቦ መረዳትን እንደ ማባዛት ስሌት አስቀምጠውታል፦ ቃሉን ማንበብ ሲባዛ በቋንቋ መረዳት። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው።

በቃል ማጥናቱ ይቅር አላልኩም። ምቱና ቤት አመታቱ ጆሮ ያሠለጥናል፤ በጣም እወደዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ጠይቂው። እዚህ ግጥም ውስጥ የሚናገረው ማነው? ለማን? ዝናብ ከተጠቀሰ፣ ተናጋሪው ዝናቡን ናፍቆታል ወይስ ፈርቶታል? ከየትኛው ስንኝ አወቅክ? ይቺኛዋን ጥያቄ እንዳትዘያት። ልጁ ተመልሶ ያነብና ስንኙን በጣቱ ያሳይሻል። «መልእክቱ ምንድን ነው?» ብቻ ካልሽው ግን ክፍል ውስጥ የተነገረውን ይደግምልሻል።