የሰው ዋንጫ ለሚጠብቁ ጀግኖቻችን የቀረበ ምስጋና

አባቶቻችን ዋንጫ ይሉት የነበረው ከቀንድ ተፍቆ የሚሠራውን የመጠጫ ዕቃ ነው። ጠላ ቤት የገባ ሰው፣ ባለጸጋም ሆነ ተሸካሚ፣ ገና ከመቀመጡ ዋንጫው ይቀርብለታል፤ ሲያጎድል ይሞላለታል፤ ለዚህም ምንም ዓይነት ማጣሪያ ማለፍ አይጠበቅበትም ነበር። ዋንጫን ያህል የከበረ ነገር ለመጣ ለሄደው ሁሉ ማደል ምን ያህል ያልሠለጠነ አሠራር እንደነበረ የገባን ዘግይቶ ነው። የዛሬው የዲኤስቲቪ ቤት ደንበኛ ግን ዋንጫን በእጁ ሳይነካ፣ ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሌላ ሰው ሲያነሣው ለማየት ብቻ ዓመታትን መጠበቅ ችሏል። በዚህ ረገድ የአርሴናልን ደጋፊዎች የሚስተካከላቸው የለም። ቡድናቸው በ1996 ዓ.ም. አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የእንግሊዝን ሊግ ዋንጫ ካነሣ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ በጾም አሳልፈዋል። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ጢም አብቅሎ፣ ከአባቱ ጎን በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ «የዘንድሮው የእኛ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባትየው ቀና ብሎ አላየውም፤ ቃሉን ራሱ ስንት ዓመት እንደተናገረው ያውቃልና። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችም ከ2005 ዓ.ም. ድል ወዲህ ወደዚሁ ገዳም ገብተዋል፤ ምንም እንኳ ዘግይተው የመነኑ ቢሆኑም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፉ ተሳልመው ሃምሳ እርምጃ ሳይርቁ «ቀያይ ሰይጣኖቹ»ን ያለ አንዳች መሸማቀቅ ማሞገሳቸው የእምነታቸውን ስፋት ያሳያል።

«እኛ» የምትለውን ቃል ከመጥፋት ያዳኗት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። አንድ የሰፈራችን ሰው በእድር ስብሰባ ላይ ስለ እድሩ ሲናገር «እናንተ» ይላል፤ ስለ ቀበሌው ሲናገር «እነሱ» ይላል፤ ብሔራዊ ቡድኑ የተሸነፈ ዕለትማ «እነዚህ ድሮስ መቼ ይችላሉ» ብሎ ራሱን ከአገሩ ያገልላል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን «እኛ እኮ ጥሩ ተከላካይ አጥተን ነው» ይላል። የዚያ ተከላካይ የጉልበት ጅማት በየትኛው ጨዋታ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደተበጠሰ፣ ለስንት ወር ከሜዳ እንደሚርቅ በዝርዝር ያስረዳል። እናቱን ጉልበታቸውን ያማቸው ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ብትጠይቁት «ቆየት ብሏል» ይላል፤ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ለስንት ጉልበት ቦታ ይገኛል? የልጁን የክርስትና ቀን የማያስታውስ ሰው ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. የት እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ምን እንደለበሰ ያውቃል። ማንቸስተር አርሴናልን 8 ለ 2 ያሸነፈበት ቀን ነውና አሸናፊውም ተሸናፊውም እኩል ይዘክሩታል።

የሥነ ሕንፃ አስተዋጽኦአቸውም ሊዘነጋ አይገባም። የጥንቱ ጠጅ ቤት አግዳሚው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ የሚዞር በመሆኑ፣ ብርሌውን አንገቱን ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ወደደም ጠላም ከፊቱ ያለውን ሰው ለማየት ይገደድ ነበር። የዚህ አቀማመጥ ጉዳቱ ብዙ ነው። ያዘነ ሰው ፊቱ ይነበባል፤ የተበደረ ሰው ካበደረው ጋር ዓይን ለዓይን ይገጣጠማል፤ የተጣሉ ሰዎች በሦስተኛው ብርሌ ላይ በማያገባው ሽማግሌ ጣልቃ ገብነት ይታረቃሉ። በእነዚህ ምክንያቶች የባከነውን ጊዜ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። አሁን ወንበሮች ሁሉ ወደ አንድ ግድግዳ ዞረዋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ሰው ይቀመጣል፤ ከሰማንያው ውስጥ የሌላውን ፊት የሚያይ አንድም የለም፤ ምናልባት ጃምቦ የሚያመላልሰው አስተናጋጅ ቢሆን ነው፤ እሱም «አትከልለን!» ተብሎ ጎንበስ ብሎ እንዲያልፍ ይገደዳል። ጎረቤቱን በማጅራቱ ለይቶ የሚያውቅ ትውልድ ያፈራነው በዚህ ዓይነት ነው።

የአዝማሪውም ጉዳይ እንዲሁ መልካም መፍትሔ አግኝቷል። ባለማሲንቆው ደንበኛው «ተቀበል!» ብሎ የሰጠውን ስንኝ ተቀብሎ፣ ከሰሙ ላይ ወርቁን ጨምሮ፣ አንዳንዴም የሰጪውን ሆድ አበጥሮ መልሶ ያቀብለው ነበር። ሰው በገዛ ገንዘቡ የሚሰደብበት ልማድ ነበረ ለማለት ነው። ዛሬ ደንበኛው ስንኙን ትቶ ለአሰልጣኙ ምክር ይሰጣል፤ «ቀይረው! አስወጣው! ምን ትጠብቃለህ?» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል። አሰልጣኙ እስካሁን አንዱንም አልተቀበለም። ይሁን እንጂ ጨዋታው ሲጠፋ ደጋፊው «ብዬ ነበር!» ለማለት የሚያገኘው ክብር ቀላል አይደለም፤ ውርርድ ቤት ገብቶ ትኬት የቆረጠ እንደሆነ ደግሞ ክብሩ ላይ የወሩን የቤት ኪራይ ይጨምርበታል።

ስለ መጠጡ ከተነሣ፣ ጠላ እጅግ አድካሚ መጠጥ መሆኑን መቀበል ያስፈልጋል። ብቅሉ ይበቅላል፤ ጌሾው ይወቀጣል፤ አሻሮው ይታመሳል፤ ጥንስሱ ይጠነሰሳል፤ ድፍድፉ ቀናትን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ልፋት የአንዲትን ሴት ወገብ አጉብጦ፣ በምትኩ ሦስት አራት ልጆችን ትምህርት ቤት ከመላክ ያለፈ ውጤት አያመጣም ነበር። ቢራው ግን ከቧንቧ ይቀዳል፤ ትርፉም እንደ ኳሱ ባሕር ተሻጋሪ ነው። የኔዘርላንዱ ሄንከን የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች ከመንግሥት የገዛው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቆይቶም «ዋልያ» የሚል ቢራ አቅርቦልናል። ዋልያዎቹን በሜዳ ማየት ለናፈቀን ሰዎች በጠርሙስ ላይ ማየታችን መጽናኛ ነው። አንድን ጃምቦ ለዘጠና ደቂቃና ለጭማሪው ሰዓት አብቃቅቶ መጠጣት የቻለውን ደንበኛ ቁጠባ ግን ባለ ቤቶቹ እስካሁን በምስጋና ሲያነሡት አልሰማሁም።

ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ የደጋፊዎቻችን የሰዓት ዕውቀት ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን ወደፊትም ወደኋላም አታንቀሳቅስም። ሆኖም እንግሊዝ ሰዓቷን ስትቀይር መጀመሪያ የሚሰማው ሳሪስና ገርጂ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምር የነበረው የቅዳሜ ጨዋታ ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ወደ አሥራ ሁለት እንደሚዘዋወር፣ መጋቢት ሲጋመስ ደግሞ እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል። ያንኑ ጨዋታ እንግሊዞቹ ራሳቸው በአገራቸው ቴሌቪዥን በቀጥታ እንዲያዩት አለመፈቀዱን ስነግራቸው ግን አያምኑኝም። በእነሱ አቆጣጠር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ የሚደረጉ ግጥሚያዎች በአገሪቱ እንዳይተላለፉ ከስድሳ ዓመት ግድም በፊት ተወስኖ እስካሁን ይሠራበታል፤ ምክንያቱም ሰው ትልልቆቹን ቡድኖች ለማየት ብሎ የመንደሩን ትንሽ ቡድን ሜዳ ባዶ እንዳያስቀር ተፈርቶ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ፈሪ ሕዝብ ነው ኳስን ለዓለም ያስተማረው! የራሳቸውን ሜዳ ለማዳን የከለከሉትን ጨዋታ እኛ በዚያችው ሰዓት የራሳችንን ሜዳ ባዶ አስቀርተን እናይላቸዋለን። በነገራችን ላይ የሰፈር መጠጥ ቤቶች መዘጋት በእነሱም አገር የዘወትር እሮሮ ነው፤ በዚህ እንኳ ከኋላቸው አልቀረንም።

የራሳችን ሜዳ ስል አንዳንድ ወጣቶች ግር እንዳይላቸው ላስረዳ። ከመስቀል አደባባይ ጎን አንድ ስታዲየም አለ። በጥር 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው እዚያ ነው፤ ጎል ካስቆጠሩት አንዱም መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ዋንጫው ያን ጊዜ እጃችን ላይ ነበር፤ ጠላም ሊጠጣበት ይችል ነበር ማለት ነው። ኋላ ላይ የአገሪቱ ሜዳዎች መሥፈርት አላሟሉም ተብሎ ብሔራዊ ቡድኑ «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ቆይቷል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ያንኑ የግብጽን ቡድን 2 ለ 0 ያሸነፈው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። ደስታችን ግን የሚገባውን ያህል ሳይቆይ በረደ፤ ወቅቱ የእንግሊዝ ሊግ የተዘጋበት በመሆኑ የሰፈራችን ደጋፊ በዓመት ዕረፍት ላይ ነበርና አይፈረድበትም።

ጠላ ቤቱንና ጠጅ ቤቱን ያጠፋው ደጋፊው ብቻ ነው ብሎ መክሰስ ግፍ ነው። ማሩ ተወደደ፤ ጠጁን ስኳር ገባበት፤ እህሉና ጌሾው ከባለጠላዋ አቅም በላይ ሆነ፤ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ካሳንቺስ በ2017 ዓ.ም. ተከተለ። ጎሉን ያስቆጠሩት እነዚህ ናቸው፤ ደጋፊው ኳሷን አመቻችቶ አቀበላቸው እንጂ ሌላ አላደረገም። በእኛ ሰፈር ጠላ መኖሩን የሚያመለክተው፣ አናቱ ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ከቆመበት ቦታ ላይ ዛሬ ዲሽ ተተክሏል። ጣሳው ወደ ምድር የተደፋ ነበር፤ ዲሹ ወደ ሰማይ አንጋጧል፤ ይህም ዕድገት ነው። ባለጠላዋ ቤታቸውን አከራይተው ደጃፉ ላይ ቆሎ ይሸጣሉ። ባለፈው ሰሞን ከውስጥ ጩኸቱ ሲያስተጋባ፣ «ልጄ፣ ያሸነፉት የእኛዎቹ ናቸው ወይስ እነዚያ?» ብለው ጠየቁኝ። የእኛዎቹ የሚሏቸው የትኞቹን እንደሆነ መልሼ ብጠይቃቸው፣ «ቆሎ የሚገዙትን ነዋ» አሉኝ።

በዚያው ዕለት ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው መብራት ሄደ። ውጤቱ አንድ ለአንድ ነበር። መጀመሪያ የተሰማው ስድብ ነው፤ ቀጥሎ ሰው ሁሉ የስልኩን መብራት አበራና፣ የሚታይ ነገር ስላጣ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዞሮ ከኋላውና ከጎኑ ያለውን ሰው ማየት ጀመረ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ ከኋላቸው ያለውን ወጣት አትኩረው አይተው፣ «አንተ የዚያ የልብስ ሰፊው ልጅ አይደለህም እንዴ? አባትህ ደኅና ናቸው?» አሉት። ወጣቱ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው፣ ጋሼ» አለ። «ዓመት ከመንፈቅ?» አሉ ጎልማሳው፤ «በየቅዳሜው እዚሁ አይደል እንዴ የምንቀመጠው?» «እዚሁ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ከኋላዎ ነኝ።» ሰውየው ኮፍያቸውን አውልቀው «ነፍሳቸውን ይማርልን፤ እኔ እኮ ያን ዘመን ጠላ ስንጠጣ አባትህ» ብለው አንድ ነገር መናገር ጀመሩ፤ አጠገባቸው የነበሩትም ወንበራቸውን ጠጋ ጠጋ አደረጉ። መብራቱ የመጣው ያኔ ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ሁለተኛው ጎል በጨለማው ውስጥ መቆጠሩ ሲታወቅም ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። አባትየው ጠላ ሲጠጡ ምን እንዳደረጉ ሳልሰማ ቀረሁ። ባለ ቤቱ ደንበኞቹ ለደረሰባቸው መጉላላት ከልብ የመነጨ ይቅርታ ጠይቆ፣ ሁለተኛ እንዳይደገም በማግሥቱ ጄኔሬተር አስገብቷል።