ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ያለው ሲግናል መቀበያ) ቀጥ ብሎ አይታሰርም
"ዲሹን አዙሮ ኤልኤንቢውን ቀጥ አድርጎ ማሰር ይበቃል" የተባለው ለባሕር ዳር አይሠራም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በምሥራቅና በምዕራብ ያሉት ሳተላይቶች ሞገድ ተጋድሞ ነው የሚደርሰን። ለኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት፣ ማለትም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ላለው፣ ዲሹ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 119 ዲግሪ ዞሮ ከአግድም 63 ዲግሪ ቀና ይላል፤ ኤልኤንቢው ደግሞ ከዲሹ ጀርባ ቆሞ ወደ ሳተላይቱ ለሚያይ ሰው ወደ ግራ 59 ዲግሪ ያህል ይጠመዘዛል። ለናይልሳት ሳተላይት፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ላለው፣ ወደ ቀኝ 74 ዲግሪ ነው። ካልተጠመዘዘ በሪሲቨሩ ላይ ሲግናሉ ሞልቶ ኳሊቲው (የሲግናሉ ጥራት) አይነሣም፤ ስንቱ ደህናውን ኤልኤንቢ "ተቃጥሏል" ብሎ ጥሎታል! የኤልኤንቢውን ማቀፊያ ቡሎን ላላ አድርጎ ኳሊቲውን እያዩ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። አቅጣጫ ስትለካ "ኮምፓሴ ይዋሻል" የምትል ወንድሜ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቆመህ አትለካ፣ መሬት ወርደህ ሞክረው።