ለእህቴ ልጅ የጻፍኩት ደብዳቤ

ከሦስት ዓመት በፊት ለእህቴ ልጅ የትምህርት ወጪዋን እንደምደግፍ የጻፍኩት የድጋፍ ደብዳቤ ዛሬም ይቆረቁረኛል። አሜሪካ ያለ ኮሌጅ ተቀብሏት፣ ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚሰጠው አይ-20 የሚባለው ቅጽ እጇ ገብቶ፣ የቀረው የእኔ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ከወዳጄ የተቀበልኩትን ናሙና ስሙን ቀይሬ ላክሁላት። ናሙናው ድጋፍ ሰጪውን «ሥራ አስኪያጅ» ይለዋል፤ ያንን ሳልነካ ተውኩት። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ፤ ሦስት ልጆች ያሳደግኩትም በዚሁ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ቀርባ «አጎትሽ ምን ይሠራል?» ስትባል ተንተባተበች። እውነቱን ብትናገር ደብዳቤው ሊያጋልጣት፣ ደብዳቤውን ብትደግም ልትዋሽ ነው። ቪዛው ተከለከለ።

ይህንን የምጽፈው እንደ እኔ ደብዳቤ ለሚጠየቁ ዘመዶች ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 ቢ መሠረት ለተማሪ ቪዛ የሚያመለክት ሰው፣ በዚያው ሊቀር እንደማያስብ እስኪያሳይ ድረስ ሊቀር እንዳሰበ ይቆጠራል። «እንደምትመለስ ዋስ ነኝ» ብለን ብንጽፍ ይህንን ሸክም ከልጁ ላይ አናነሳለትም። ለቪዛው ወሳኝ የሆነ ነገርን ሆን ብሎ አዛብቶ ማቅረብ ደግሞ ዕድሜ ልክ ቪዛ ሊያስከለክል ይችላል። የእኛ ልጅ ከዚህ መትረፏን አምላክን አመሰግናለሁ።

ታዲያ ምን እንጻፍ? አይ-20 ላይ የትምህርቱና የኑሮው ወጪ በቁጥር ሰፍሯል። ደብዳቤው ለዚያ ቁጥር መልስ ይስጥ፤ በዓመት ይህን ያህል እችላለሁ፣ ቀሪው ከዚህ ይመጣል ይበል። ገቢያችን ከግብር ሰነዳችንና ከባንክ ሂሳባችን ጋር ይግጠም። ቤታችን ውስጥ በእኛ የሚተዳደሩ ስንት እንደሆኑም እንጻፍ። ብዙዎቻችን ይህንን የምንዘለው ድህነታችን የሚታይብን እየመሰለን ነው። ነገር ግን አምስት ሰው የሚያስተዳድር ባለታክሲ፣ ለእህቱ ልጅ በየወሩ የቆጠባትን ገንዘብ በሰነድ ሲያሳይ ምን የሚያሳፍር ነገር አለው? ሠርቶ ያገኘው ነው።

ደብዳቤ በክፍያ የሚያዘጋጁ ሰዎችንም እለምናለሁ። አንዱን ጽሑፍ ለሃምሳ ልጅ አታባዙ። የቃለ መጠይቁ መስኮት ፊት ብቻውን የሚቆመው ልጁ ነው፤ ያላነበበውን ወይም የማያምንበትን ወረቀት ይዞ እንዲቆም አናድርገው።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድሟ ደብዳቤ ጠየቀኝ። ከመላኬ በፊት በስልክ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ስለ እናቱ ሱቅ የጻፍኩት ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

«ጋሼ፣ ሱቁ የእማዬ ብቻ አይደለም፤ ከአክስቴ ጋር ነው የሚሠሩት። እሱን አስተካክለው።»

አስተካከልኩት።