ገዳዩን አውቀዋለሁ፣ በቲቪ አይቼዋለሁ

ባለፈው ሳምንት ሰብሰብ ብለን ወሬያችንን ስንጠርቅ አንዱ ስልኩን እያየ፣ የሆነ የወንጀል ድራማ ላይ ገዳይ ሆኖ የሚሰራ አክተር ታሞ ሆስፒታል ገባ ብሎ አነበበልን። እኔ "እግዜር ይማረው" ልል አፌን ስከፍት አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ያውም ተምሯል የሚባል ሰው፣ ጭኑን መታ አደረገና "እሰይ! የእጁን ነው ያገኘው፣ ያችን ሚስኪን ልጅ ሲያንቃት መች አዘነላት?" አለ። ኧረ ትወና እኮ ነው ስለው "አንተ ደሞ፣ አይኑን አላየኸውም? ውስጡ ባይኖር እንደዛ አይሰራም" ብሎ ዘጋኝ። ልጅቷ እኮ አሁን ሌላ ድራማ ላይ ጠበቃ ሆና እየሰራች ነው ልለው ነበር፣ "ውይ፣ ተርፋለች እንዴ?" እንዳይለኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲህ አይነቱ ተመልካች ሊመሰገን ነው የሚገባው። ፍርድ ቤት አሻራ፣ ምስክር፣ ቀጠሮ ምናምን እያለ አመት ሲጎትት እሱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በሁለት ማስታወቂያ መሀል ፈርዶ ይጨርሳል፣ ይግባኝ የለ፣ ጠበቃ የለ፣ ሪሞቱ ብቻ። ፍርዱ ደሞ ሲዝኑ አለቀ ተብሎ አይሻርም፣ አክተሩን እስከ እድሜ ልኩ ይከተለዋል። መርማሪ ሆኖ የሚሰራውን መንገድ ላይ ይዞ የተሰረቀ ስልኬን ፈልግልኝ የሚልም አለ። የሬሳ መርማሪ ሆና የምትሰራዋን ስለ ወገብ ህመሙ የሚያማክርም አይጠፋም (ትንሽ ቢታገሳት እኮ ሙያዋ ላይ ይደርስ ነበር)።

የኔ ፌቨሪት ግን ፒተር ፎልክ ነው። የቲቪ ድራማ ላይ መርማሪ ሆኖ የሰራው፣ ኮሎምቦ የምትሉት ሰውዬ፣ ያችን የተጨማደደች ካፖርት ለብሶ ሊወጣ ሲል በር ላይ ተመልሶ "አንዲት ጥያቄ ብቻ" የሚለው። አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው እንግዲህ፣ በ1927 ኒውዮርክ ተወለደ፣ በሶስት አመቱ በካንሰር ምክንያት ቀኝ አይኑ ወጣና እድሜውን ሙሉ በሰው ሰራሽ አይን ኖረ። እንዲህ ብዬ ለአንዱ ኮሎምቦ ወዳጅ ብነግረው አዘነ መሰላችሁ? "አሃ! ወንጀለኛውን አጨንቁሮ የሚያየው ለካ ለዛ ነው፣ ቴክኒክ ነው" አለኝ። ፎልክ ከዛ በመንግስት አስተዳደር ማስተርሱን ያዘና ኮነቲከት ውስጥ የስቴቱ በጀት ቢሮ ተቀጠረ፣ ስራው የመስሪያ ቤት አሰራር የሚቀላጠፍበትን መንገድ ማጥናት ነው። ራሱ እንዳወራው ታዲያ ስራ በጀመረበት ቀን ህንጻውን ፈልጎ አጣው! ከአንዲት የሲጋራ አመድ ተነስቶ ገዳይ ያገኛል የምትሉት ሰው የገዛ ቢሮውን አላገኘም፣ የጠፋ ቦርሳችሁን እንግዲህ እሱ ነው የሚፈልግላችሁ። ቀጥሎ ከስራው ጎን ለጎን ትወና መማር ጀመረ፣ ፕሮፌሽናል አክተር ነኝ ብሎ ዋሽቶ ነው የገባው፣ እዛም ሁሌ ያረፍዳል፣ መምህሯ ለምን ታረፍዳለህ ብላ ስታፋጥጠው አመነ። አያችሁ፣ ከሱ ይልቅ መርማሪዋ እሷ ነበረች። ኦስካር ደሞ ካፖርቷ ሳትመጣ በፊት ሁለት ጊዜ ታጭቷል፣ የመጀመሪያው እጩነት የመጣለት ነፍሰ ገዳይ ሆኖ በሰራው ፊልም ነው። በኛ ሰውዬ ህግ ያኔውኑ እስር ቤት ገብቶ መቅረት ነበረበት፣ ኮሎምቦም ባልተወለደ።

ካፖርቷ ራሷ የግሉ ነበረች፣ ከቤቱ ያመጣት። ኮሎምቦን መጀመሪያ በ1968 ሰራው፣ ከ1971 ጀምሮ ተከታታይ ሆነ፣ በመሀል ቢቋረጥም እስከ 2003 ዘለቀ። ይሄ ድራማ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ገዳዩን ገና ሲጀምር ነው የሚያሳያችሁ፣ ማለትም ተመልካቹ ሁሌ ከመርማሪው ቀድሞ ያውቃል፣ የዛሬው የሶፋ ዳኛ ትምክህት ከየት እንደመጣ አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም። ፎልክ በስተርጅናው የመርሳት በሽታ ያዘው፣ በ2009 ሀኪሙ ለፍርድ ቤት ሲያስረዳ ሰውዬው ኮሎምቦ የሚባለውን ካራክተር ራሱ አያስታውሰውም አለ። አለም በሙሉ ኮሎምቦ ኮሎምቦ ሲል የረሳው እሱ ብቻ ሆነ ማለት ነው። በ2011 ሞተ። በ2014 ቡዳፔስት ውስጥ ፋልክ ሚክሳ በሚባል ጎዳና ላይ የነሀስ ሀውልት ቆመለት፣ ስማቸው ስለተቀራረበ ነው አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ጎዳናው የፋልክ፣ ሀውልቱ ግን ካፖርት ለብሷል፣ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ያስባል፣ እግሩ ስር ውሻ አለ። ውሻው የማን ነው? የኮሎምቦ! የስቴት በጀት ሲያገላብጥ ለነበረው፣ በእርሳስ ስዕል ለሚስለው፣ ለዛ አንድ አይናው ሰውዬ አንድ ወንበር እንኳ አልተረፈውም።

ይሄ እንኳን በፍቅር ነው ይባል። አና ገን ላይ የደረሰው ግን አያስቅም። ብሬኪንግ ባድ በሚባለው ድራማ ላይ የዋልተር ዋይትን ሚስት፣ ስካይለርን፣ ሆና የሰራችው ናት። ባልየው አደንዛዥ እጽ ይቀቅላል፣ ይሸጣል፣ ሰው ይገድላል፣ ተመልካቹ ያጨበጭብለታል። ሚስትየው ልጆቼን አታስጨርስ ብላ ስለተናደደች ተጠላች፣ ሚስቲቱ ብቻ ብትሆን ደግ፣ ተዋናይቷ ራሷ። በ2013 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ እንደጻፈችው አና ገንን የት እንደማገኛት ንገሩኝና ልግደላት ያለ ሰው ነበር። ልብ በሉ፣ ስካይለርን አላለም፣ በእውነተኛ ስሟ ነው የጠራት። ስለዚህ ካራክተርና ሰው ተምታቶብኝ ነው አትበሉኝ፣ አልተምታታበትም! ልዩነቱን አሳምሮ ያውቃል፣ ሴት ልጅ ላይ የሚተፋበት ሰበብ ነው የፈለገው። እሱን የመሰለ ሁሉ ተመልካች ሳይሆን ባለጌ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በሉ ወደ ሽሙጤ ልመለስ፣ ደሜ ፈልቶ ነው።

እውነት የተምታታባት ሰው ካያችሁ ግን አንዲት ህጻን ናት። ማሪስካ ሀርጊቴይ ከ1999 ጀምሮ በአንድ ድራማ ላይ ፖሊስ ሆና ትሰራለች፣ በ2024 ኒውዮርክ መናፈሻ ውስጥ ቀረጻ ላይ እያለች እናቷ የጠፋችባት ህጻን ደረቷ ላይ ያለውን ባጅ አይታ እውነተኛ ፖሊስ መስላት ተጠጋቻት። ሀርጊቴይ እኔ አክተር ነኝ ምናምን አላለችም፣ ቀረጻው ቆመ፣ እናትየው እስክትገኝ አብራት ፈለገች። ሀያ ደቂቃ ያህል ፈጀ፣ ህጻኗ እናቷን ይዛ ሄደች፣ ጉዳዩም እዛው ተዘጋ።

የኛ ሰውዬ ጋ ግን ፋይሉ ገና ክፍት ነው። ትላንት ያ አክተር ድኖ ከሆስፒታል ወጣ የሚል ዜና አገኘሁና ደስ ይለዋል ብዬ ሳይሆን ላናድደው ብዬ ላኩለት። ወዲያው መለሰልኝ።

"አመለጠ በለኛ!"